ቆማ የምትበላ ጀልባ

 

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ሆኖ ደወለልኝ። የሚሠራው በጥበቃነት ነው፤ የሚጠብቀውም የሀብታሞች ጀልባዎች የሚቆሙበትን፣ እነርሱ ማሪና የሚሉትን ወደብ ነው። ስለ ቤተሰብ ተጠያይቀን ስናበቃ ስለ ሥራው ያወጋኝ ጀመር። «ኡስታዝ፣ እዚህ ያሉት ጀልባዎች ከሰው ይልቅ ይበላሉ» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኞቹ ባለቤቶች በዓመት ውስጥ ብቅ የሚሉት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ጀልባዋ ግን ለቆመችበት ስፍራ በርዝመቷ ልክ በሜትር እየተሰላ ኪራይ ይከፈልባታል። ውሃና መብራቱ ሌላ ነው። ከሥሯ የሚለጠፉባትን ትናንሽ ዛጎሎችና የባሕር አረም ማስፋቂያው ሌላ ነው። ኢንሹራንሱም እንዲሁ። «ሳትንቀሳቀስ ይህን ያህል ከበላች ባለቤቷ ምን ይጠቀማል? ድሮስ እንዲህ ነበር ወይ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ባሕር የማውቀው ከመጽሐፍ ነው ብል ይሻላል። ስለዚህ ለጊዜው «በቅሎም እኮ ቆማ ትበላለች» ብዬ አሳቅሁት። በገበያ ቀን ከብቱን በሰው ግቢ የሚያስር ገበሬ ለማሰሪያው እንደሚከፍል ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም። ለተማሪዬ ቃል የገባሁትን መልስ እናንተም እንድታነቡት እነሆ ጻፍኩት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።

በመጀመሪያ ስለ ጀልባዋ ራሷ እናንሣ። የአንደሉሱ መንገደኛ ኢብን ጁበይር በ1183 ለሐጅ ሲጓዙ በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ ዐይዛብ ከምትባል ወደብ ላይ ደርሰው ነበር። ያዩዋቸውን ጀልባዎች አሠራር በዝርዝር ጽፈዋል። እነዚያን ጀልባዎች የሚጠሯቸው «ጂላብ» ብለው ሲሆን ነጠላው «ጀልባ» ነው። እኛም በአማርኛ የምንጠቀምበት ቃል ከዚያው ባሕር የመጣ ይመስለኛል። ታዲያ እነዚህ ጀልባዎች ምስማር የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ሳንቃውን ከሳንቃ የሚያያይዘው ከኮኮናት ቃጫ የተገመደ ሲባጎ ነው። ጀልባዋ ትሰፋለች ማለት ነው፤ ልክ እንደ ልብስ! ስፌቱ ካለቀ በኋላ ክፍተቱ ይወተፍና በቅቤ ወይም በጉሎ ዘይት ወይም በሻርክ ዘይት ትቀባለች። የሻርኩ ዘይት ከሁሉም ይበልጣል ይላሉ፤ ሳንቃውን ያለሰልሰዋል፤ ያጠነክረዋልም።

አሁን ይህች ጀልባ ወደብ ላይ ለወራት ስትቆም ምን ይደርስባታል? ከላይ ፀሐይ ሳንቃዋን ያደርቃል። ከሥር ደግሞ እንጨት የሚበላ የባሕር ነቀዝ አለ። ይህ ነቀዝ በዚያ ሞቃት ባሕር ውስጥ የቆመን መርከብ ወንፊት ያደርገዋል። ስለዚህ የዓረብ ባሕርተኞች ውሃው በሚጎድልበት ሰዓት ጀልባቸውን ወደ አሸዋው ስበው፣ ጎኗን ፍቀው፣ ውሃ የሚነካውን ክፍል በኖራና በሞራ ይለስኑት፣ የላይኛውን ደግሞ በዓሣ ዘይት ይቀቡት ነበር። ይህ ልማድ ሺህ ዓመት ያህል የቆየና ከእንጨት የተሠሩት የዓረብ መርከቦች ሞተር እስኪገጠምላቸው ድረስ ያልተለወጠ ነው። ኖራው፣ ሞራው፣ ዘይቱ፣ ቃጫው ሁሉ በገንዘብ ይገዛል። ተማሪዬ «ማስፋቂያው ሌላ ነው» ያለኝ የዚያው ወጪ ልጅ ነው።

ሌላው ትልቁ ወጪ ጊዜ ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ነፋስ እንደ አላህ ፈቃድ በወቅት ይነፍሳል፤ ግማሹን ዓመት ከሕንድ ወደ ዓረብና ወደ አፍሪካ፣ ግማሹን ዓመት ደግሞ በተቃራኒው። ዓረቦች «መውሲም» የሚሉት ይህንን ወቅት ነው። ነፋሱ ከማለፉ በፊት ሸራውን ያልዘረጋ ናኹዳ ወሩን እየቆጠረ የሚቀጥለውን ነፋስ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም። (ናኹዳ ማለት የመርከቧ አዛዥና ብዙ ጊዜም የጭነቱ ኃላፊ ነው።) እስከዚያ ባሕርተኛው ይበላል፣ ይጠጣል፤ ደመወዝም ይጠብቃል። ዕቃው በጂቡቲ ወደብ ቆሞበት የመጋዘንና የኮንቴይነር ቅጣት የከፈለ የአገራችን ነጋዴ ይህን ክፍል ያለ እኔ ማብራሪያ ይረዳዋል።

እንግዲህ ወደ ወደቡ ባለቤት እንምጣ። በዚያ ዘመን የወደብ ባለቤት ማለት የአገሩ ገዥ ነው። ከሚቆመው መርከብ የሚወስደውም በሳንቃው ርዝመት ሳይሆን በጭነቱ ዋጋ ነበር። «ዑሹር» ይባላል፤ አሥራት እንደማለት። የዚህን ሥርዓት መነሻ ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ እስከ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን ይሄዳል። በ798 ያረፉት ቃዲ አቡ ዩሱፍ «ኪታቡል ኸራጅ» በተባለው መጽሐፋቸው እንዳሰፈሩት ዑመር ከሙስሊም ነጋዴ ከ40 አንዱን፣ በሙስሊሞች ጥበቃ ሥር ከሚኖረው የሌላ እምነት ተከታይ ከ20 አንዱን፣ ከውጭ አገር ከሚመጣው ነጋዴ ደግሞ ከ10 አንዱን እንዲወሰድ አዘዙ። ለውጭው ነጋዴ 10ኛው የተወሰነውም የእነርሱ አገር ከሙስሊሙ ነጋዴ ያንኑ ያህል ይወስድ ስለነበር ነው።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የምወደው ታሪክ አለ። ከበኑ ተግሊብ ጎሣ የሆነ አንድ ክርስቲያን ፈረስ ይዞ በቀራጩ በዚያድ ኢብን ሑደይር በር ያልፋል። ፈረሱ 20,000 ድርሃም ተገምቶ 1,000 ይከፍላል። በዚያው ዓመት በዚያው ፈረስ ሲመለስ ዚያድ ሌላ 1,000 ጠየቀው። ሰውየው ግን አልከፈለም፤ መካ ድረስ ሄዶ ለዑመር አቤት አለ። ዑመርም በአጭር ቃል ጉዳዩ እንዳለቀለት ነገሩት፤ ከዚያ በላይ አላብራሩለትም። ሰውየው ነገሩ የተናቀ መስሎት ሁለተኛውን 1,000 ለመክፈል ልቡን አዘጋጅቶ ወደ ዚያድ ተመለሰ። የዑመር ደብዳቤ ግን ቀድሞት ደርሶ ኖሯል! ለአንድ ንብረት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይወሰድም የሚል ነበር።

ከዑመር በኋላ የመጡት ገዥዎች ግን ሁሉም በዚህ ወሰን አልቆሙም። ከተወሰነው በላይ የሚወሰደውን ቀረጥ ዑለሞች «መክስ» ብለው አውግዘውታል፤ በሐዲስም ብርቱ ማስጠንቀቂያ መጥቶበታል። በዐይዛብ ከሐጃጆች የሚወሰደው ከዚህ ዓይነት ነበር። መክፈል ያቃተው ሐጃጅ ይሠቃይ እንደነበር ኢብን ጁበይር በሐዘን ጽፈዋል። ሱልጧን ሰላሑዲን ይህን አስቀሩ። በምትኩም ለመካው አሚር በየዓመቱ ገንዘብና እህል እንዲላክለት አደረጉ። ኢብን ጁበይር ጅዳ ሲደርሱ ግን የሰላሑዲን እህል ገና አልደረሰም ነበርና አሚሩ ሐጃጆቹን እርስ በርስ ዋስ አስጠርቶ ያዛቸው። የዐይዛብ ባለጀልባዎችም ከዚህ አይሻሉም። የጀልባቸውን ዋጋ በአንድ ጉዞ ለመመለስ ሲሉ ሰውን እርስ በርሱ እስኪደራረብ ድረስ ይጭኑ ነበር። ጀልባ ውድ ስትሆን ተሳፋሪው እንዴት እንደሚረክስ አያችሁ?

በዚያ ባሕር ከሁሉም የታወቀው ወደብ ዐደን ነው። በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የጎበኙት ኢብን አልሙጃዊር መርከብ ሲመጣ የሚሆነውን ጽፈዋል። ከተራራው ላይ ያለው ጠባቂ ሸራ ሲያይ ያስታውቃል። ሹማምንቱ በትንንሽ ሳንቡኮች ወደ መርከቧ ይቀዝፋሉ። ናኹዳው ከየት እንደመጣ ይጠየቃል፤ እርሱም የከተማዋን ገበያ ዋጋና ገዥው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ጸሐፊው የሰዎቹን ስምና የጭነቱን ዓይነት ይመዘግባል። ከሦስት ቀን በኋላ ዕቃው ወርዶ «ፉርዳ» በሚባለው ጉምሩክ እስር እስሩ እየተፈታ ይፈተሻል። ሰውም እስከ ፀጉሩና እስከ እጅጌው ይበረበራል፤ ሴቶችን የምትፈትሽ አሮጊትም አለች። ከዑሹሩ ሌላ የደላላ አለ። ከዚያ ሌላ ደግሞ «ሸዋኒ» የሚባል ክፍያ አለ።

ይህ ሸዋኒ የሚገርም ነገር ነው። ሸዋኒ ማለት የጦር ጀልባዎች ማለት ነው። የሰላሑዲን ወንድም ጡግተኪን የመንን ሲገዛ ነጋዴዎችን ከባሕር ወንበዴ የሚጠብቁ ጀልባዎች አሰማራ፤ ወጪያቸውንም ነጋዴው እንዲሸፍን ተደረገ። እስከዚህ ድረስ ፍትሐዊ ነው እላለሁ። ነጋዴው የሚከፍለው ለሚያገኘው ጥበቃ ነውና። ነገር ግን የመንግሥት ክፍያ አንድ ጊዜ ከገባ መውጫ እንደማያገኝ ሁሉ ይህም ቋሚ ቀረጥ ሆኖ ቀረ።

ዐደን ምን ትሰጥ ነበር? ለመርከብ ከነፋስ የሚከልል ተራራ፣ ግንብ፣ ጥበቃ፣ ከሁሉም በላይ ገዥና ሻጭ የሚገናኙበት ገበያ። ውሃ ግን የላትም። በ1330 ግድም ያለፉባት ኢብን በጡጣ እንደሚሉት ከተማዋ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ገንዳዎች ቢኖሯትም የምንጩ ውሃ ሩቅ ነው፤ የአካባቢው ዘላኖችም ገንዘብና ጨርቅ ካልተሰጣቸው መንገዱን ይዘጋሉ። መርከበኛው የሚጠጣውን እንኳ በዚህ ዋጋ ነው የሚያገኘው። ይሁን እንጂ መርከቦች መጡ፤ ለምን ቢሉ ከዐደን የተሻለ አልነበረምና። አንዳንድ የዐደን ነጋዴ ያለ ሸሪክ ብቻውን የአንድ ትልቅ መርከብ ባለቤት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ደርሰናል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የመንን የሚገዛው በኑ ረሱል የተባለው ሥርወ መንግሥት ነው። ሱልጧኑ አንናሲር አሕመድ በነጋዴዎች ላይ እጁ ከበደ። የሕንድ ነጋዴዎች አጉረመረሙ፤ ግን ወዴት ይሂዱ? ከሕንድ የሚመጣ መርከብ ዐደን ላይ አራግፎ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቀይ ባሕር የሌሎች ጀልባዎች ያዳርሱታል። ልማዱ ይህ ነበር።

ልማዱን የሰበረው ኢብራሂም የሚባል የካሊከት ናኹዳ ነው። የግብፁ ታሪክ ጸሐፊ አልመቅሪዚ የዚያ ዘመን ሰው ናቸውና ነገሩን ዓመት በዓመት መዝግበውታል። በ825 ሂጅሪያ፣ ማለትም በ1422፣ ኢብራሂም በየመኑ ገዥ ተቆጥቶ ዐደንን በስተቀኝ ትቶ ባበል መንደብን አለፈ። ያ የጠበበ መግቢያ ለትልቅ መርከብ አስፈሪ ነው፤ ከዚያም ወዲያ ያለው ባሕር ድንጋያማ ነው። እርሱ ግን በሰላም ጅዳ ደርሶ መልህቁን ጣለ። ምን ዓይነት አቀባበል የጠበቀው ይመስላችኋል? የመካው ሸሪፍ ሐሰን ኢብን ዐጅላን ጭነቱን ወስዶ በመካ ነጋዴዎች ላይ በግድ ሸጠው!

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ተምሮ ወደ ዐደን በተመለሰ ነበር። ኢብራሂም ግን በሚቀጥለው ዓመት እንደገና መጣ። ዐደንንም አለፈ፤ ጅዳንም አለፈ። በዛሬዋ ሱዳን ያለችውን ሰዋኪንን፣ ቀጥሎም ከምጽዋ ፊት ለፊት ያሉትን የዳህላክ ደሴቶች ሞከረ። እዚህ ላይ የእኛ ባሕር ይገባል። ዳህላክ ለሐበሻው ምድር የባሕር በር ሆና የኖረች ናት። የደጋው ንግድ ለዘመናት ወደ ዓረብ የተሻገረው በእርሷና በምጽዋ በኩል ነው። የሕንዱ መርከብ በዚያ ተመቻችቶ ቢቆም ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ብዬ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። የሰዋኪንና የዳህላክ ገዥዎች ግን እርሱን በክፉ ተቀበሉት። ከአንድ መርከብ የሚገኘውን በአንድ ቀን ለመብላት ፈለጉ፤ መርከቡም ዳግመኛ ወደ እነርሱ አልመጣም።

በሦስተኛው ዓመት፣ በ1424፣ ኢብራሂም የመዲና ወደብ ወደሆነችው የንቡዕ ሊሄድ አስቦ ነበር። በዚያ ጊዜ ቁርቁማስ የሚባል የግብፅ መምሉክ አሚር መካ ነበረና ነገሩን ሰማ። አሚሩ አስተዋይ ሰው ነበር። መልእክት እየላከ፣ እያግባባ፣ ኢብራሂም በጅዳ እንዲቆም አደረገ። ከቆመም በኋላ ቃሉን ጠበቀለት፤ መልካም አስተናገደው። ኢብራሂም እያመሰገነ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በቁጥር የሚነገር ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ1425 ጅዳ ላይ 14 ጭነት የሞሉ መርከቦች ቆሙ። በካይሮ ያለው ሱልጧን አልአሽረፍ በርስባይም ይህን ሲሰማ ቀረጡን የሚሰበስብ የራሱን ሹም ላከ። በ1426 ከሕንድና ከሆርሙዝ የመጡት መርከቦች ከ40 በለጡ፤ የጅዳም ቀረጥ ከ70,000 ዲናር በላይ ሆነ። ዐደን ለብዙ ዘመን የኖረችበት ሀብት በአራት ዓመት ውስጥ አቅጣጫውን ለወጠ። በኑ ረሱልም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ መንግሥታቸው በ1454 አበቃ። የውስጥ ሽኩቻቸውም ለዚህ ድርሻ ነበረው፤ ሁሉን በአንድ ናኹዳ ላይ መጣል ልክ አይሆንም።

በርስባይስ ከዚህ ተማረ? እኔ እንደማነበው አልተማረም። በ1428 የቁንዶ በርበሬን ንግድ ለራሱ ብቻ አደረገ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የሕንድ ዕቃ በየመን በኩል ገዝተው ጅዳ የሚያመጡ የግብፅና የሻም ነጋዴዎች አሥራቱን በእጥፍ እንዲከፍሉ፣ የየመን ነጋዴዎች ግን ዕቃቸው ጨርሶ እንዲወረስ አዘዘ። በቁርቁማስ ደግነት የተገኘውን በዚህ ሊጠብቀው ፈለገ።

ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ ነው የሚለኝ አንባቢ ካለ፣ ተማሪዬ ካለበት ባሕር አጠገብ የሆነውን ባጭሩ ልጨምር። በፋርስ ዳርቻ ሊንጋ የምትባል ወደብ ነበረች፤ የዓረብ ነጋዴዎች የሚኖሩባት፣ የዕንቁ ንግድ የደራባት። በ1900 ዓመታት መባቻ የፋርስ መንግሥት የጉምሩኩን ሥራ ለቤልጅግ ባለሙያዎች ሰጥቶ ቀረጡን አጠበቀ። በማዶ ያለችው ዱባይ በዚያ ጊዜ ትንሽ ከተማ ነበረች። ገዥዋ ሸኽ መክቱም ቢን ሐሸር 5 በመቶ የነበረውን ቀረጥ አነሡ፤ ነጋዴዎቹንም ጋበዙ። መጡ፤ መሬት ተሰጥቷቸው ቤት ሠሩ። አብዛኞቹ የመጡት ሁኔታው እስኪሻሻል ለጥቂት ጊዜ ብለው ነበር፤ ሳይመለሱ ቀሩ። በ1904 የእንግሊዝ የእንፋሎት መርከቦች ዱባይን ከመደበኛ ማረፊያዎቻቸው አንዷ አደረጓት። ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ የባሕር ወሽመጧ በደለል ተሞልቶ ጀልባ መቆሚያ ሲያጣ ሸኽ ራሺድ ገንዘብ ተበድረው አስጠረጉት፤ ያ ሥራ የተሠራው ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። የከተማዋ ገቢ ከብድሩ ያነሰ ነበር ይባላል። ነገር ግን ባለጀልባ ደለል ላይ ከሚቀመጥ ይልቅ ጥልቅ ውሃ ላይ ሆኖ መክፈል እንደሚመርጥ ሸኹ ያወቁ ይመስላል።

በዛሬዎቹ ማሪናዎች የሚቆሙት ጀልባዎች አብዛኞቹ ጭነት የላቸውም። ስለዚህ የወደቡ ባለቤት አሥራት የሚወስድበት ነገር የለውም፤ በሜትር የሚለካው ለዚህ ነው። ሌላው ሁሉ ግን ያው የጥንቱ ነው። ከማዕበል የሚከልለው ግንብ የዐደንን ተራራ ይተካል። ሌሊት የሚዞረው ዘበኛ ሸዋኒውን ይተካል። ከዘላኖች ይገዛ የነበረው ውሃም ዛሬ በቧንቧ እየተለካ ይሸጣል። ልዩነቱ የናኹዳ ኢብራሂም መርከብ ስትበላ ከርማ ቁንዶ በርበሬ ጭና መምጣቷ ነው። በቆመችባቸው ወራት የበላችውን በተጓዘችባቸው ትከፍላለች። የዐይዛብ ባለጀልባ እንኳ፣ ምንም ግፈኛ ቢሆን፣ ጀልባው ያወጣበትን መልሶ ለማግኘት ነበር የሚሯሯጠው። ተማሪዬ የሚጠብቃት ጀልባ ግን ምን ትመልሳለች? ምናልባት ለባለቤቷ ደስታ፣ ለተማሪዬ ደግሞ እንጀራ። እርሱ በወር በወር ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ ከዚያች ከማትንቀሳቀስ ጀልባ ኪራይ መውጣቱን ሳስብ ነቀፌታዬ ለዘብ ይልብኛል።

ይህን ጽሑፍ ጨርሼ ሳለ ደውዬ የናኹዳ ኢብራሂምን ታሪክ ነገርኩት። በተለይ በዳህላክ የሆነውን ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ከዚያ ቀደም ሲል ያወራልኝ ትልቋ ነጭ ጀልባ እንዴት እንደሆነች ጠየቅሁት። «ባለቤቷ የሚሸጥ የሚል ወረቀት ለጥፎባታል» አለኝ። «ገዢ እስኪገኝ ግን ኪራዩ ይቆጠራል፤ ትናንት ደግሞ ከሥሯ ሊፍቋት ጠላቂዎች መጥተው ነበር።»